ስፒል ግዛልኝ

ጁን 16 ቀን 1775 አንዲት ሴት ሩቅ ከተማ ላለው ባሏ ደብዳቤ ጻፈች። ስፒል ግዛልኝ አለችው። አንድ እሽግ ገዝተህ ሻንጣህ ውስጥ ክተትልኝ፤ እዚህ ሰው ሁሉ ስፒል ስፒል እያለ ነው፤ ድሮ በ7 ሽልንግ ተኩል የምንገዛው 20 ገብቷል፤ በ20ም አይገኝም።

ጁን 18 ደግሞ እንደገና ጻፈች። በሁለቱ ደብዳቤዎች መሃል ባለችው አንድ ቀን ቦስተን አጠገብ አሜሪካኖቹ ከእንግሊዝ ጦር ጋር የተዋጉበት የባንከር ሂል ውጊያ ተደርጓል። ቻርለስታውን የምትባለው ከተማ ነዳለች። የቤተሰቡ ወዳጅ ዶክተር ጆሴፍ ዋረን ተገድሏል። ሴትየዋ የ7 ዓመት ልጇን ይዛ ቤቷ አጠገብ ያለው ኮረብታ ላይ ወጥታ እሳቱን ከሩቅ አይታለች። የአሜሪካ ዕጣ የሚወሰንበት ቀን መጥቶ ይሆናል ብላ ጻፈችለት። መድፉ አላባራ ብሎ መብላትም መጠጣትም መተኛትም አልቻልንም አለችው።

ሴትየዋ አቢጌይል አዳምስ ናት። ባሏ ጆን አዳምስ ያን ጊዜ ፊላደልፊያ ላይ ከሌሎቹ የኮንግረስ ሰዎች ጋር ተሰብስቦ ከእንግሊዝ ጋር የሚደረገውን ነገር ይመክራል። በኋላ የአሜሪካ 2ኛ ፕሬዚዳንት ሆነ። ኮረብታው ላይ እናቱን ይዞ የቆመው ልጅ፣ ጆን ክዊንሲ፣ 6ኛው ሆነ። (ቀኖቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የጻፍኳቸው።)

እኔን የያዘኝ ግን ስፒሉ ነው።

የምኖረው ቦስተን አካባቢ ነው። ክዊንሲ ሴንተር በሚባለው ጣቢያ በቀዩ መስመር ባቡር ስንት ዓመት ተመላልሻለሁ። ከጣቢያው ወጥቶ መንገድ እንደተሻገሩ አንድ የድንጋይ ቤተ ክርስቲያን አለ። አንድ የሰመር ቅዳሜ ሥራ አልነበረኝምና ዝም ብዬ ገባሁ። ከቤተ ክርስቲያኑ ሥር፣ ምድር ቤት ውስጥ፣ አራት የድንጋይ መቃብሮች አሉ፤ ጆንና አቢጌይል፣ ልጃቸው ጆን ክዊንሲና ሚስቱ ሉዊዛ ካትሪን። አስጎብኚዋ ስለ ፕሬዚዳንትነታቸው ብዙ አወራች። እኔ በጆሮዬ ይዤ የወጣሁት አንድ ነገር ብቻ ነው። ባልና ሚስቱ የተጻጻፉት ከ1,100 በላይ ደብዳቤ ዛሬም አለ።

ማታ ስልኬ ላይ ፈለግኩት። የማሳቹሴትስ የታሪክ ማኅበር የደብዳቤዎቹን ፎቶ ከነጽሑፋቸው ኢንተርኔት ላይ አስቀምጧቸዋል፤ በነፃ። የተጣጠፈበት መስመር፣ ቀለሙ የፈሰሰበት ቦታ፣ ወረቀቱ ሲያልቅባት ቃላቱን ጠጋ ጠጋ ያደረገችበት ሁሉ ይታያል። አንድ ብቻ አንብቤ ልተኛ ብዬ ነው የጀመርኩት።

መጀመሪያ ዓይኔ የፈለገው ሰላምታውን ነው። እኛ ደብዳቤ ስንጽፍ መግቢያው የታወቀ ነው። ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል፣ እኔ አምላክ ይመስገን ካንተ ናፍቆት በስተቀር ደህና ነኝ። እነሱ ጋ ሁለቱም ብዙ ጊዜ የሚጀምሩት እጅግ የምወድህ ወዳጄ፣ እጅግ የምወድሽ ወዳጄ እያሉ ነው። ባሌ፣ ሚስቴ አይሉም። ወዳጅ የሚለው ቃላችን ጓደኛንም ፍቅረኛንም በአንድ አፍ ስለሚጠራ፣ እነዚህን ደብዳቤዎች በልቤ ወደ አማርኛ ስመልስ ምንም አልተቸገርኩም። በእጮኝነታቸው ጊዜ እሷ ዲያና፣ እሱ ሊሳንደር እየተባሉ ይጻጻፉ ነበር። በኋላ ፖርሺያ ብላ ትፈርም ጀመር፣ በሮማዊው ብሩተስ ሚስት ስም።

አቢጌይል ትምህርት ቤት ገብታ አታውቅም። የዌይማውዝ ቄስ ልጅ ናት፤ ያገኘችውን መጽሐፍ ሁሉ እቤት አነበበች፣ በቃ። ቃል አጻጻፏ እንደመጣላት ነው፣ ሥርዓተ ነጥቧም እንደዚያው። በዚህም ታፍር ነበር። ስታነቧት ግን የምትናገር ሴት ድምፅ ነው የሚሰማችሁ። ቤት ውስጥ ያለችውን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ታመጣዋለች፤ የእርሻውን ሠራተኛ፣ ቀረጡን፣ የልጁን ሳል፣ የጦሩን ወሬ።

ብዙ ሰው የሚያውቀው የማርች 31 ቀን 1776ን ደብዳቤ ነው። አዲስ ሕግ የምታወጡ ከሆነ ሴቶቹን አስቡ፣ ለባሎች ያልተገደበ ሥልጣን አትስጡ፣ ወንድ ሁሉ ከቻለ አምባገነን ይሆናል ያለችበት ነው። ጆን ኤፕሪል 14 መለሰላት። ሳቀ። በእውነት ሳቅኩ ብሎ ነው የጻፈላት። ስሙ ነው እንጂ ጌቶቹ እኛ አይደለንም፣ እናንተ ናችሁ አላት። እኔ ይሄን ሳነብ ተናድጃለሁ፣ አሁንም ስጽፈው እናደዳለሁ፤ ምክንያቱም እሷ እርሻውን፣ አራት ልጆችን፣ ዕዳውንና ኪራዩን ይዛ እሱ እንዲሰበሰብ ያደረገችው ሰው ናት። እሷም ዝም አላለችም። ሜይ 7 ላይ፣ ለሕዝብ ሁሉ ነፃነት እያወጃችሁ በሚስቶቻችሁ ላይ ግን ፍጹም ሥልጣን ይዛችሁ መቆየት ትፈልጋላችሁ ብላ መለሰችለት።

በዚያው የማርች ደብዳቤ ላይ ሰው የማይጠቅሰው ሌላ ነገር አለ። የሰው ልጅን ነፃነት መንጠቅ የለመዱ ሰዎች ለነፃነት ያላቸው ፍቅር ከልብ ሊሆን ይችላል ወይ ብላ ስለ ቨርጂኒያ ሰዎች ትጠይቃለች። በ1774ም ጻፈችው፤ በዚህ አገር አንድም ባሪያ ባይኖር እወዳለሁ፣ ለራሳችን የምንታገልለትን ነገር ከሌላው ላይ በየቀኑ እየዘረፍን ነው ብላ። ይሄን የጻፈችው ሴት ያደገችው አባቷ ቄሱ ባሪያ ባሳደሩበት ቤት ነው። ፊቢ የምትባለው ነፃ የወጣችው ቄሱ በ1783 ሲሞቱ ነው። አቢጌይል አውሮፓ ስትሄድ ቤቷን ስትጠብቅላት የቆየችው ይህችው ፊቢ ናት። የፊቢን ስም በሌሎች ደብዳቤ ውስጥ አገኘሁት። ከራሷ እጅ የወጣ ወረቀት ፈልጌ አላገኘሁም። ይሄ ከአእምሮዬ አልወጣም።

አሁን ወደ 1777 ልውሰዳችሁ። ለብዙ ቀን ያልለቀቀኝ እሱ ነው።

ጆን በጃንዋሪ ከቤት ሲወጣ አቢጌይል ነፍሰ ጡር ነበረች። 32 ዓመቷ ነው። ጁላይ 9 ቁጭ ብላ ጻፈችለት። ሳምንቱን ሙሉ ደህና አልነበርኩም፤ ትናንት ሌሊት አንቀጠቀጠኝ፤ አንድ ሕይወት የጠፋ ይመስለኛል፣ እፈራለሁ። ዛሬም ሌላ እንዳስብ የሚያደርገኝ ነገር የለም፤ የእኔን መጨረሻ ሰማይ ብቻ ያውቀዋል።

በማግስቱ ከምሽቱ 3 ሰዓት እንደገና ብዕር አነሳች። ምጥ ላይ ናት። ከአርባ ስምንት ሰዓት ወዲህ እፎይ አላልኩም ትላለች። ከዚያ አንድ ቦታ ላይ፣ ብዕሬን አሁን ላስቀምጥ፣ ልሸሸው የማልችለውን ልቻለው ትላለች። ቀጥሎ ያለው ዓረፍተ ነገር፣ ቻልኩት፣ ብዕሬን መልሼ አነሳሁ የሚል ነው። በሁለቱ ዓረፍተ ነገሮች መሃል አንድ ምጥ አልፏል። ወረቀቱ ላይ የአንዲት ጭረት ቦታ ነው። ምጥ መጥቶ እስኪሄድ ብዕር አስቀምጦ፣ ከሄደ በኋላ ደብዳቤ የሚቀጥል ሰው አስቡት። ለምን ጻፈች? የሚሰማት ሌላ ሰው ስለሌለ አይመስለኝም፣ ቤቱ ውስጥ ሰው ነበረ። እሱ እንዲያውቅ ፈልጋ ነው፤ እዚያ ቢሆን ኖሮ የሚያየውን እንዲያይ።

ጁላይ 11 ሴት ልጅ ተወለደች። ሞታ ነበር። ኤልሳቤጥ ነው ስሟ።

እስቲ ፊላደልፊያን ደግሞ አስቡ። ጆን በእነዚያው ቀናት ውስጥ ይጽፍላታል። ልቤ ስላንቺ ታሟል፤ ይሄ እስኪደርስሽ እናቷን የምትመስል ሴት ልጅ ታቅፈሽ እንደሚሆን ተስፋ አደርጋለሁ ይላታል። ሴት ልጅ! በመንገድ ላይ ሁለቱ ደብዳቤዎች ይተላለፋሉ። አንዱ ምኞት ይዞ ወደ ሰሜን ይሄዳል፣ ሌላው መርዶ ይዞ ወደ ደቡብ ይመጣል። እሷ ጁላይ 16 ላይ፣ የምትወዳት ነፍስ ተርፋለችና ከእኔ ጋር አምላክን አመስግን፣ ሕፃኗ ግን ከአባቶቿ ጋር ተቆጥራለች ብላ ጻፈችለት። እሱ ሁሉንም አንድ ላይ ያነበበው ጁላይ 28 ነው። በሕይወቴ እንዲህ ልቤ ተነክቶ አያውቅም አለ። አይቷት የማያውቃትን፣ ከእንግዲህም የማያያትን ሕፃን ሰው እንዴት እንዲህ ሊወድ ይችላል ብሎ ራሱን ጠየቀ። ባለፈው ዓመት በኤፕሪል ሳቀባት ብዬ የተናደድኩበት ሰውዬ ነው ይሄ። እዚህ ላይ ስደርስ አዘንኩለት። ሐዘኑ ሲደርሰው ሐዘንተኛዋ ከአልጋዋ ተነስታ፣ ቤቷን መምራት ጀምራለች።

በእርግጥም ጀምራለች። ጁላይ 31፣ ልጅቷ ከሞተች በ20ኛው ቀን፣ ስለ ቡና ጻፈችለት።

ቦስተን ላይ ስኳርና ቡና ጠፍቷል። አንድ ነጋዴ፣ እሷ እንደምትለው ሀብታም፣ ስስታምና ወንደላጤ፣ መጋዘኑ ውስጥ አንድ ትልቅ በርሜል ቡና ይዞ አንዱን ፓውንድ (ግማሽ ኪሎ ግድም) ከ6 ሽልንግ በታች አልሸጥም አለ። መቶ የሚሆኑ ሴቶች፣ አንዳንዱ ከዚያም ይበልጣሉ ይላል፣ ጋሪ እየገፉ መጋዘኑ ድረስ ሄዱ። ቁልፉን አምጣ አሉት። እምቢ አለ። አንዷ አንገቱን ይዛ ጋሪው ውስጥ ወረወረችው። አላስቀምጥ ሲሉት ቁልፉን ሰጣቸው። ጋሪውን ገልብጠው አወረዱት፣ መጋዘኑን ከፈቱ፣ ቡናውን ራሳቸው አውጥተው ጭነው ሄዱ። ገርፈውታልም ይባላል፣ እሱ ግን እውነት አይመስለኝም ትላለች። ብዙ ወንዶች ተሰብስበው በድንጋጤ ዝም ብለው ያዩ ነበር።

ቡና አገር ለተወለደ ሰው ይሄ ደብዳቤ ምን እንደሚያደርገው ታውቁታላችሁ። ሻይ የተዉት የእንግሊዝ ቀረጥ ያለበት ነው ብለው ነው። ጆን ራሱ በ1774 መንገድ ላይ ደክሞት አንድ ቤት አርፎ፣ በኮንትሮባንድ የገባ ሻይ ካለ ስጡኝ ቢል፣ የቤቱ እመቤት በዚህ ቤት ሻይ ተትቷል፣ ቡና ግን አፈላልሃለሁ አለችው። ከዚያ ወዲህ ከሰዓት ከሰዓት ቡና እየጠጣ በደንብ ቻለው። ይሄንንም የነገራት በደብዳቤ ነው። እና ከሦስት ዓመት በኋላ ያ ቡና ሰው አንገት የሚያሲዝ ሆነ። የታሪክ መጽሐፍ ስለ ሻይ ብዙ ይነግረናል፣ ስለ ቡናው ደግሞ አቢጌይል።

ወረቀቱ እንዴት ተረፈ? እሷ እኮ አቃጥላቸው ብላው ነበር። ከኪስህ ወድቀው ሰው እንዳያነባቸው ደብዳቤዎቼን ሁሉ አቃጥል ብላ ጻፈችለት። አላቃጠለም። ፍርሃቷ ደግሞ ደርሷል። በ1775 ጆን ለሷና ለአንድ ወዳጁ የጻፋቸውን ደብዳቤዎች እንግሊዞች መንገድ ላይ ይዘው ጋዜጣ ላይ አወጧቸው። በባሕር ሲሆን ይብሳል። ጆን ከ1778 ጀምሮ አውሮፓ ሲላክ፣ መርከቡ በጠላት ሲባረር ፖስታው ወደ ባሕር ይጣላል። ሦስት ደብዳቤ ጽፋ አንድም ላይደርስ ይችላል። የሚደርሳት ደግሞ አጭር፣ ፈራ ተባ ያለ ነው። ይሄን ያህል ጊዜ በስጋት ከጠበቅክ በኋላ እኔ ደህና ነኝ ብዬ ብቻ ብጽፍልህ አንተ ይበቃህ ነበር ወይ ብላ ወቀሰችው። በ1778ና በ1784 መሃል አብረው የኖሩት ሦስት ወር ግድም ነው።

የሆነ ሆኖ እሱ ወረቀት ያዥ ነበር። ጁን 2 ቀን 1776 የደብዳቤዎቹን ግልባጭ የሚጽፍበት ትልቅ ደብተር መግዛቱን ነገራት። አንቺም የኔን በደህና ቦታ አስቀምጪ አላት። ያንቺ ደብዳቤ ከኔ የበለጠ ሊቀመጥ የሚገባው ነው አለ። ይሄ የነፃነት መግለጫው ከመጽደቁ አንድ ወር በፊት ነው። ትንሽ ይቅርታ ያደረግኩለት እዚህ ጋ ነው።

ሌሎቹ አቃጥለዋል። የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሚስት ማርታ ዋሽንግተን ከባሏ ጋር የተጻጻፈችውን ከጥቂቱ በቀር አጠፋችው። 3ኛው ፕሬዚዳንት ቶማስ ጀፈርሰንም ከሚስቱ ጋር የተጻጻፈውን አቃጠለ። አዳምሶች ግን ልጅ ለልጅ እያስተላለፉ ያዙት። ጆን ክዊንሲ በ12 ዓመቱ ከአባቱ ጋር ወደ አውሮፓ ሲሄድ ማስታወሻ መያዝ ጀመረ፤ እስኪሞት ቀጠለ፤ 51 ቅጽ፣ ከ14 ሺህ ገጽ በላይ። እሳት እንዳይበላው ተብሎ በ1870 ክዊንሲ ግቢያቸው ውስጥ የድንጋይ ቤተ መጻሕፍት ተሠራ። ወረቀቱ በኋላ ወደ ቦስተን ሄደ፤ በ1956 ቤተሰቡ ለታሪክ ማኅበሩ ጨርሶ ሰጠው። ማይክሮፊልም ሲነሳ 608 ጥቅል ሆነ። በ1954 ለማሳተም የጀመሩት ሥራ አሁንም ገና አላለቀም።

አንድ ነገር ግን አስከፋኝ። መጀመሪያ ያሳተማቸው የልጅ ልጇ ቻርልስ ፍራንሲስ ነው፣ በ1840። ላሳተመው ምስጋና ይገባዋል። ግን ቃል አጻጻፏን አቃናው። ለአደባባይ አይመጥንም ያለውን፣ የሕመሙን፣ የሰውነቱን ነገር ቆረጠው። ለአያቱ ክብር አስቦ ነው። እኔን ከነዚህ ሰዎች ጋር ያስተዋወቀኝ ግን ልክ ያ ሊቆረጥ ይገባል የተባለው ነገር ነው። የተከበረችውን እመቤት አላውቃትም። ብዕሯን አስቀምጣ ምጧን ችላ መልሳ ያነሳችውን ነው የማውቃት።

እናቴም አቃጥላለች። አባዬ ለዓመታት አሰብ ወደብ ይሠራ ነበር። ደብዳቤው በሰው እጅ ይመጣል፣ እማዬ አንብባ ቆርቆሮ ሳጥን ውስጥ ትከተዋለች። ሳጥኑን ትዝ ይለኛል፣ ሰማያዊ ነው። አባዬ ከሞተ በኋላ ወደ ኮንዶሚኒየም ስትገባ አቃጠለችው። የሰማሁት ካለቀ በኋላ ነው። በስልክ ስጮህባት፣ "የሁለት ሰው ነገር ነው ልጄ፣ ለማን ብዬ ላስቀምጠው?" አለችኝ። ለብዙ ጊዜ አኩርፌያት ነበር። አቢጌይልን ካነበብኩ በኋላ ግን መብቷ እንደነበረ ገባኝ። አቃጥላቸው ያለችውን ሴት ደብዳቤ እኮ እኔ ማታ ማታ አልጋዬ ላይ ሆኜ እያነበብኩ ነው። አመሰግናለሁም፣ እፍረትም ቢጤ ይሰማኛል። ሁለቱም አሉ።

ደብዳቤዎቹ የሚቆሙት በ1801 ነው። ጆን ምርጫ ተሸንፎ ወደ ክዊንሲ ተመለሰ፤ ከዚያ በኋላ አልተለያዩም። አቢጌይል እስከሞተችበት እስከ ኦክቶበር 1818 ድረስ 17 ዓመት ሙሉ በአንድ ቤት ኖሩ። ለልጆች፣ ለወዳጆች፣ ለጀፈርሰን ሳይቀር ይጽፋሉ፤ እርስ በርስ ግን ምንም የለም። በአንድ ጠረጴዛ የጠጡትን ቡና፣ የተጨቃጨቁትን፣ ማታ የተባባሉትን የሚያሳይ ወረቀት የለም። 608 ጥቅል ፊልም ውስጥ ያ ክፍል ባዶ ነው። መጀመሪያ ሳየው የጠፋ መስሎኝ ፈልጌዋለሁ።

ባለፈው እሁድ ለእማዬ ደወልኩና አባዬ ምን ይጽፍልሽ ነበር አልኳት። ረስቼዋለሁ አለች መጀመሪያ። ቆይታ፣ አንዱን በቃሏ አለችው። ለልጅቷ ጫማ አይቻለሁና የእግሯን ልክ ላኪልኝ። ልጅቷ እኔ ነኝ። ወረቀት መሬት ላይ አንጥፋ እግሬን አስቀምጣ ዙሪያውን በእርሳስ ስላ በሹፌር ላከችለት። መልሱ ከነጫማው እስኪመጣ ስንት ወር እንደፈጀ አታስታውስም።

"ሲደርስ አልገባልሽም፣" አለችኝ። "እህትሽ አደረገችው።"